ከላይ እንጨት፣ ውስጡን ለቄስ፦ «አሮጌውን ወለል እርሱት» ላለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር፣ ለኔ ራሱ ሶስት ሰው በተለያየ ቀን ላከልኝ። ሀሳቡ ባጭሩ «አሮጌውን ወለል እርሱት፣ ኢንጂነርድ ዉዱን ከላዩ አንጥፉበትና በአንድ ቀን ቤታችሁን ቀይሩ» ነው። ኢንጂነርድ ዉድ ማለት ላዩ እውነተኛ እንጨት፣ ስሩ የተደራረበ እንጨት የሆነ የወለል ጣውላ ነው። ጸሐፊው ሲጽፍ ይጥማል፣ አይካድም፣ አንብቤ ስጨርስ እኔም መዶሻዬን ይዤ ልነሳ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን እሱ ያለውን አንድ በአንድ ካደረጋችሁ ያንን ወለል ዓመት ሳይሞላው መልሳችሁ ትነቅሉታላችሁ። እንዴት አወቅክ ካላችሁኝ ነቅዬ ስለማውቅ ነው፣ የራሴን ቤት በራሴ እጅ፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ልክ የሆነበትን ልናገርና ህሊናዬ ይረፍ። አሮጌ ወለል ሁሉ መፍረስ የለበትም። ጠበቅ ብሎ የተያዘ ሴራሚክ፣ ጤነኛ ሲሚንቶ፣ የማይወዛወዝ የድሮ ፓርኬ ላይ ኢንጂነርድ ዉድ ማንጠፍ የታወቀ አሰራር ነው፣ አቧራውንም ጩኸቱንም ፍርስራሽ መሸከሙንም ያስቀርላችኋል። እዚህ ድረስ አብረን ነን። የተጣላነው «እርሱት» በምትለዋ ቃል ነው። ከላይ የምታነጥፉት እንጨት እኮ በራሱ ችሎ የሚቆም ነገር አደለም፣ ከስሩ ያለው ሲጎድል ተከትሎት ይጎድላል፣ ሲረጥብ ይረጥባል፣ ሲነቃነቅ ይነቃነቃል። አሮጌው ወለል የትም አልሄደም፣ አሁን መሰረት ሆኗል፣ ያውም ከዛሬ በኋላ ገልጣችሁ የማታዩት መሰረት። ስለዚህ የምታዩት የመጨረሻው ቀን ላይ በደንብ እዩት ነው የኔ ነገር።

አሁን ወደ ነጥቦቹ፣ በጥቅስ ያሉት የጸሐፊው ቃላት ናቸው።

«ኢንጂነርድ ዉድ ማለት ያው ላሚኔት ነው፣ ስሙ ነው የተለየው»

አደለም። ላሚኔት ላይ የምታዩት እንጨት እንጨት አደለም፣ የእንጨት ፎቶ የታተመበት ወረቀት ነው፣ ከስሩ የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ሰሌዳ፣ ከላዩ ጠንካራ ሽፋን። ኢንጂነርድ ዉድ ግን የላይኛው ሽፋኑ እውነተኛ እንጨት ነው፣ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ በታች ከሆነው አንስቶ እስከ 6 ሚሊ የሚደርስ አለ፣ ስሩ ደሞ ብዙውን ጊዜ ፕላይውድ ወይም አግድም የተደረደረ ለስላሳ እንጨት ነው። አግድም መሆኑ ለጌጥ አደለም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፣ በርዝመቱ ግን ያበጠ አይባልም፣ እና አንዱን ሽፋን ቁመቱን ሌላውን አግድሙን አድርጋችሁ ስታጣብቁት አንዱ ሌላውን ይዞ ያስቀረዋል። ለዚህ ነው ከድፍን እንጨት ያነሰ የሚንቀሳቀሰው። ያነሰ ነው ያልኩት፣ ምንም አልወጣኝም፣ ይቺን ያዙልኝ ታች እንፈልጋታለን።

የሚያስቀው ደሞ እዚህ ጋ ላሚኔት ነው ያለን ሰው ሁለት አንቀጽ ወረድ ብሎ «በየጊዜው በማሽን እያስፋቃችሁ እድሜ ልካችሁን እንደ አዲስ ትጠቀሙበታላችሁ» ይላል። ወይ ላሚኔት ነው ወይ ይፋቃል፣ አንዱን ይምረጥ። እውነቱ፣ ኢንጂነርድ ዉድ የሚፋቀው በላይኛው ሽፋኑ ልክ ነው። አንድ ሙሉ ፍቀት እንደ ወለሉ ሁኔታ ከግማሽ ሚሊ እስከ 1 ሚሊ ይበላል። ሽፋኑ 1 ሚሊ ከሆነ በቃ አይፋቅም፣ ቢበዛ ላዩን ትንሽ አሻክሮ ቫርኒሽ መደረብ ነው። 3 ወይም 4 ሚሊ ከሆነ ሁለት ጊዜ ምናልባት ከዛ በላይ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ «15 ሚሊ ነው» ሲላችሁ ደስ አይበላችሁ፣ 15ቱ ጠቅላላው ነው፣ ከሱ ውስጥ ስንቱ የላይኛው እንጨት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ የጣውላውን ጫፍ በጎን ብታዩት ራሱ በአይን ይለያል።

«የትኛውም አሮጌ ወለል ላይ ይሆናል፣ ምንጣፍ ላይም ቢሆን፣ እንዲያውም ምንጣፉ ለእግር ምቾት ይጨምራል»

እዚህ ጋ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ተንጎራደድኩ።

ምንጣፍ ላይ አይነጠፍም። በቃ። ጣውላዎቹ እርስ በርስ የሚያያዙት በክሊክ ነው፣ ክሊኩ ደሞ ጥቂት ሚሊ ውፍረት ያላት ምላስ ናት፣ በረገጣችሁ ቁጥር ከስር ምንጣፉ ሲሰምጥ ያቺ ምላስ ትታጠፋለች፣ እግራችሁን ስታነሱ ትመለሳለች፣ ስትረግጡ ትታጠፋለች። ሽቦ ወዲህ ወዲያ እያጠፋችሁ በጥሳችሁ ታውቁ የለ? እንደዛ ነው። በዛ ላይ ደሞ ምንጣፉ የያዘው እርጥበትና ሽታ ታፍኖ ይቀራል። ምንጣፉን አንሱ፣ ከስሩ ያለውን ስፖንጅም አንሱ፣ ጠርዝ ጠርዙን ይዞት የነበረውን ምስማር ያለበት ቀጭን እንጨትም ንቀሉ፣ የቀረውን የኮላ ትራፊ ፍቁ።

ከስር ያለው ራሱ ሳይጣበቅ በክሊክ የተነጠፈ ላሚኔት ወይም ሌላ ተንሳፋፊ ወለል ከሆነም ይነሳ። ተንሳፋፊ በተንሳፋፊ ላይ ማለት ሁለቱም በየፊናቸው ይንቀሳቀሳሉ፣ ከስር ያለው ፎም (ከጣውላ ስር የሚነጠፈው ስስ ስፖንጅ) ላይ ሌላ ፎም ይደረባል፣ መጨረሻው ፍራሽ ላይ መራመድ ነው። ደግነቱ እሱን መንቀል የአንድ ከሰዓት ስራ ናት።

ሴራሚክ ግን ጥሩ መሰረት ነው፣ ጤነኛ ከሆነ። ጤነኛ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ፣ በጆሮ። በመዶሻ እጀታ እያንዳንዱን ቆርቆር አድርጉ፣ የያዘው ድፍን ድምጽ ይሰጣል፣ የለቀቀው ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። አንድ ሁለት ቦታ ከሆነ የለቀቀውን አንስቶ ጉድጓዱን በሲሚንቶ ሞልቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ግማሹ ቤት ከጮኸ ግን ይቅርታ፣ ማፍረስ ነው። በሴራሚኮቹ መሃል ያለው መስመር ሰፊና ጥልቅ ከሆነም በመሙያ እኩል ይደረግ፣ ጠባብና ከላይ እኩል የሆነ መስመር ግን ምንም አይላችሁም።

የድሮ እንጨት ወለል ላይ ስትሰሩ አዲሱን ከአሮጌው አቅጣጫ አቋርጣችሁ አንጥፉት፣ የለቀቀና የሚንቋቋ ጣውላ ካለ መጀመሪያ በብሎን አስሩት። ብዙ ሰው አዲሱ ሲደረብበት ድምጹ የሚጠፋ ይመስለዋል፣ አይጠፋም፣ ያው ድምጽ ነው፣ አሁን ግን ምንጩ ጋ መድረስ አትችሉም። የፕላስቲክ ምንጣፍ ደሞ ስስ ሆኖ ሙሉ በሙሉ የተጣበቀ ከሆነ ይሆናል፣ ከስሩ ስፖንጅ ያለው ወፍራም ዓይነት ወይም ሁለት ሶስት የተደራረበ ከሆነ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለበትም። ጸሐፊው ስለ አሮጌ የፕላስቲክ ሰቆች ሲያወራ «ከስር ጥቁር ኮላ ካለ ማሽን አስገብታችሁ ፍቁት» ብሏል። እባካችሁ እንዳታደርጉት። እስከ 1980ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ድረስ የተነጠፉ የዚህ ዓይነት ሰቆችና ጥቁሩ ኮላቸው አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል፣ ያ ነገር ዝም ብሎ በተቀመጠበት ብዙም አያሰጋም፣ ስትፈጩት ግን በአይን የማይታይ ክር ሆኖ አየር ላይ ይወጣል፣ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጉዳቱ የሚታየው ከስንትና ስንት ዓመት በኋላ ነው። እድሜው የሚያጠራጥር ከሆነ ሳትነኩት አስመርምሩት። ሰቆቹ ካልተሰባበሩና ካልለቀቁ ሳይነኩ መሸፈን ብዙ ጊዜ ከማንሳቱ ይሻላል፣ የሚገርመው ይሄ የሱን «ከላዩ አንጥፉ» የሚለውን ሀሳብ በትክክል የሚደግፍ ቦታ ነበር፣ እሱ ግን እዚሁ ላይ ፍቁ አለ።

«ትንሽ ወጣ ገባ ቢኖር ፎሙ ይውጠዋል፣ ካልበቃም ደርቡት»

በሉ የኔን ታሪክ ስሙ።

የሳሎኔ ወለል ሴራሚክ ነው፣ ሁሉም የያዘ፣ ቆርቁሬዋለሁ። በረንዳ በሩ አጠገብ ግን ዝቅ ያለች ቦታ ነበረች፣ ያኔ አለካኋትም፣ በኋላ ሳነሳው ስለካ 6 ሚሊ ገደማ ነበረች፣ ስፋቷ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። እኔም ልክ እንደ ጸሐፊው አሰብኩ፣ እሷ ጋ ስደርስ ፎሙን ደረብኩና አለፍኩ። ሲያልቅ እንዴት እንዳማረ አልነግራችሁም፣ እንግዳ ሲመጣ መብራት እያበራሁ ነበር የማሳየው። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው እዛች ቦታ ላይ ሲረገጥ «ቋ» ማለት ጀመረ፣ አሰልቺ ድምጽ፣ ማታ ማታ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ቀጥሎ የሁለት ጣውላ ጫፍ መሃል ክር የምታህል ክፍተት ታየች፣ ከዛ የባንክ ካርድ የምታስገባ ሆነች፣ በመጨረሻም አንዱ ጣውላ ከአጠገቡ ካለው ዝቅ ብሎ ካልሲ ይይዝ ጀመር።

ምን ሆኖ ነው? ጣውላው ዝቅ ባለችው ቦታ ላይ እንደ ድልድይ ተንጠልጥሏል፣ ፎሙ ስለተደረበ የሞላው መሰለኝ እንጂ ፎም እየተረገጠ ይሰምጣል፣ ሲሰምጥ ክብደቱን ሁሉ የምትሸከመው ያቺ ምላስ ናት። ፎም ስራው ድምጽ መቀነስና ጥቃቅን ሸካራነት መቻል ነው፣ ጉድጓድ መሙላት አደለም። 2 ወይም 3 ሚሊ፣ ጠጠር ያለ፣ አንድ ድርብ፣ በቃ። ከኋላው ፎም ተለጥፎበት የሚመጣ ጣውላ ከሆነ ደሞ አምራቹ ካልፈቀደ በቀር ሌላ አትጨምሩበት።

መለኪያው እንዲህ ነው፦ 2 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ዘንግ ወለሉ ላይ አጋድማችሁ በየአቅጣጫው አዙሩት፣ ከስሩ ከ3 ሚሊ በላይ ክፍተት ካያችሁ ቦታውን በእርሳስ ክበቡት። ውሃ ልክ ሳይሆን ዘንግ ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ወለሉ አንድ ጎኑ ወደታች ያዘነበለ ቢሆን እንኳ ቀጥ ያለ እስከሆነ ድረስ ለጣውላው ችግር የለበትም፣ ችግሩ ማዘንበል ሳይሆን ጉብታና ጉድጓድ ነው። ጉብታውን ትፈጫላችሁ፣ ጉድጓዱን በሴልፍ ሌቭሊንግ (ሲፈስ በራሱ እኩል በሚሆን ቀጭን የሲሚንቶ ድብልቅ) ትሞላላችሁ። ሴራሚክ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ቅባቱንና ሰሙን በደንብ እጠቡት፣ ለሚያዳልጥ ወለል የተሰራ ፕራይመር (ቀድሞ የሚቀባ ማያያዣ) ቀቡ፣ አለዚያ የሞላችሁት ነገር እንደ ቂጣ ተላቆ ይነሳል። ከዛ በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቁ። ይደርቃል ማለትና ይረገጣል ማለት የተለያየ ነው፣ በጥቂት ሰዓት ይረገጣል፣ እንጨት ለመሸከም የሚደርቀው ግን እንደ ውፍረቱ ቆይቶ ነው።

«ሲሚንቶው አሮጌ ከሆነ ደርቋል፣ ፕላስቲክ ማንጠፍ ትርፍ ወጪ ነው»

ለኔ የጽሑፉ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ከምንጣፉም ይብሳል፣ ምክንያቱም ሲያዩት እውነት ይመስላል።

አዲስ ሲሚንቶ እስኪደርቅ ጊዜ እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል፣ ባለሙያዎች በግምት ለ2.5 ሴንቲ ውፍረት አንድ ወር ይላሉ። አሮጌው ግን ሁለት ዓይነት ነው። ፎቅ ላይ ያለ ከሆነ አዎ ደርቋል፣ ውሃ ካልፈሰሰበት። መሬት ላይ ያረፈ ከሆነና ሲሰራ ከስሩ የእርጥበት መከላከያ ካልተደረገለት ግን እድሜው 40 ዓመትም ይሁን ከአፈሩ እርጥበት መሳቡን አያቆምም። ታዲያ እስከዛሬ ለምን ደረቅ መሰለ? የሚስበውን ያህል ላዩ ላይ ወደ አየር እየተነፈሰው ስለነበረ። እናንተ ደሞ አሁን ከላዩ እንጨት አድርጋችሁ አፉን ልትይዙት ነው። መውጫ ያጣው እርጥበት ከጣውላው ስር ይጠራቀማል፣ የጣውላው ሆድ ይረጥባል ጀርባው ደረቅ ነው፣ ሆዱ ሲያብጥ ጠርዝና ጠርዙ ወደላይ ይነሳና እያንዳንዱ ጣውላ እንደ ገበታ ይሰረጉዳል። መብራት በጎን ሲመታው ወለሉ ማዕበል ይመስላል። ያን ጊዜ ሰው የሚሳደበው እንጨቱን ነው።

ስለዚህ ይለካ። በካርባይድ የሚለካው ዘዴ ላይ (ከወለሉ የተፈለፈለ ቁራጭ ከካርባይድ ጋር ተደባልቆ የውሃው መጠን የሚታወቅበት) ተራው የሲሚንቶ ወለል ከ2 ፐርሰንት በታች መሆን አለበት፣ ውስጡ ማሞቂያ ያለው ከሆነ 1.8፣ በጂፕሰም ዘር የተሰራ ከሆነ ደሞ ገደቡ በጣም ይወርዳል፣ ማሞቂያ ከሌለው 0.5 ካለው 0.3 ነው። ሌላው ዘዴ ሲሚንቶው ውስጥ ቀዳዳ በስቶ የውስጡን የአየር እርጥበት መለካት ነው፣ እዛ ላይ ብዙ አምራቾች 75 ፐርሰንትን ነው ጣሪያ የሚያደርጉት። መሳሪያው ከሌለ ሰው የሚያደርጋት ዘዴ አለች፣ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ወለሉ ላይ አሽጎ በነጋታው ገልጦ ማየት። ላብ ካለበት ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ቁርጥ ያለ መልስ ነው፣ ስራው ይቁም። ደረቅ ከሆነ ግን ነጻ ወጣችሁ ማለት አደለም፣ ያቺ ዘዴ መጥፎውን ትይዛለች እንጂ ጥሩውን አታረጋግጥም።

ላስቲኩን በተመለከተ፣ ሲሚንቶ ላይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ባለ ሴራሚክ ላይ ሳይጣበቅ ሲነጠፍ 0.2 ሚሊ የሚሆን ፖሊኢትሊን ከፎሙ በታች ይገባል፣ አንዱ በሌላው ላይ 20 ሴንቲ ተደራርቦ በፕላስተር ይታሸጋል፣ ግድግዳው ጋ ትንሽ ወደላይ ይታጠፋል። ፎሙ ራሱ ላስቲክ ተለጥፎበት የሚመጣ ከሆነ ያው እሱ በቃ። ግን ልብ በሉ፣ ከስር ያለው የድሮ እንጨት ወለል ከሆነና ከሱ ስር ባዶ አየር ካለ ላስቲክ አታንጥፉ፣ እዛ ላይ የሚተነፍስ ዓይነት ነው የሚፈለገው፣ ላስቲኩ ከስር የሚመጣውን እርጥበት በሁለቱ እንጨት መሃል ይዞ አሮጌውን ያበሰብሰዋል። አንድ መልስ ለሁሉም ወለል የለም ለዚህ ነው የምለው። እና ደሞ ከቧንቧ የሚፈስ ውሃ ካለ ምንም ላስቲክ አያድናችሁም፣ ቧንቧውን አስጠግኑ።

«ካርቶኑን ቤት ውስጥ 2 ቀን አቆዩት፣ አለቀ»

ከ48 እስከ 72 ሰዓት የሚባለው ትክክል ነው። የቀረችው ነገር፣ ቤቱ ራሱ ሰው እንደሚኖርበት መሆን አለበት፣ ልስኑ ያልደረቀ ቀለሙ ገና የሚሸት መስኮቱ ያልተገጠመ ቤት ውስጥ ብታቆዩት ጣውላው የሚለማመደው የተሳሳተ አየር ነው። አንዳንድ አምራች ደሞ እስከምትገጥሙት ካርቶኑን አትክፈቱ ይላል። ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት አንብቡ፣ ዋስትናውም የሚወድቀው በሷ ነው።

«ክፍተት እንዳይታይ ከግድግዳው ጋር አጥብቃችሁ ግጠሙት፣ ኩሽና ላይ ደሞ ካቢኔቱን ከላዩ ብታስቀምጡት ይዞ ያቆመዋል»

ያነሰ ይንቀሳቀሳል ያልኩት እዚህ ይመጣል። ከግድግዳው እስከ ጣውላው ድረስ ዙሪያውን ከ10 እስከ 15 ሚሊ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። አየሩ ሲረጥብ እያንዳንዱ ጣውላ የጸጉር ያህል ይሰፋል፣ የጸጉር ያህል ነገር በ30 ረድፍ ሲባዛ ሚሊዎች ይሆናል፣ የሚሄድበት ካጣ የሚቀረው መንገድ ወደ ላይ ነው፣ መሃሉ ላይ እንደ ድንኳን ይነሳል። ክፍተቱን ዞኮሎ ይሸፍነዋል፣ ማንም አያየውም፣ ዞኮሎው ደሞ በግድግዳው ላይ ይመታል እንጂ በወለሉ ላይ አይመታም። ሰው የሚረሳቸው ቦታዎች የበር መቃን፣ ምሰሶ፣ የማሞቂያ ቧንቧ ናቸው፣ አንዷ ቦታ ብትጠብቅ ወለሉ ሁሉ እዛ ጋ ተቸነከረ ማለት ነው። ክፍተቱን በሲሚንቶ የሚሞላም አይቻለሁ፣ ምን ይባላል።

ካቢኔቱም ያው ነው። የኩሽና ካቢኔት ከነ እብነበረዱ ከነ ሳህኑ ተቆልሎ ጣውላው ላይ ሲቀመጥ «ይዞ ያቆመዋል» ያለው እውነቱን ነው፣ ይዞ ያቆመዋል፣ ችግሩም እሱ ነው። በአንድ ጫፍ የተያዘ ወለል በሌላው ጫፍ ይጎተታል፣ ክሊኩ መሃል ላይ ይላቀቃል። መጀመሪያ ካቢኔቱ ቋሚው ወለል ላይ ይቁም፣ ጣውላው እግሩ ድረስ ይምጣ። ተራ ሶፋና ጠረጴዛ ግን ችግር የለውም። ክፍሉ በጣም ረጅም ከሆነ ደሞ፣ ብዙ አምራቾች 8 ወይም 10 ሜትር ላይ ገደብ ያደርጋሉ፣ በሩ ላይ ቆርጣችሁ በማገናኛ ለዩት፣ ቤቱን ሁሉ አንድ ወጥ አድርጎ የመዝለቅ ፍቅር ብዙ ወለል ገድሏል።

«ክሊክ ካለ ኮላ የድሮ ሰው ነገር ነው»

ኮላም ቦታ አለው። ከስር ማሞቂያ ካለ ተጣብቆ የተነጠፈ ሙቀቱን በተሻለ ያሳልፋል፣ ሲረገጥም ድፍን ነው፣ አይጮህም። ሴራሚክ ላይ ለማጣበቅ ግን ላዩ መሻከር ወይም ተገቢው ፕራይመር መቀባት አለበት፣ እና አንዴ ከተጣበቀ በኋላ ማንሳት የጦርነት ያህል ነው። ማሞቂያ ካለ የወለሉ ላይ ሙቀት ከ27 ዲግሪ እንዳያልፍ፣ ከማንጠፍ በፊት ይጠፋል፣ ከዛ በኋላ ቀስ በቀስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ይነሳል። የተረፈውን ምርጫ ለእናንተ ትቻለሁ፣ ክሊክ መጥፎ ነው አላልኩም።

«በሩን ኋላ ትቆርጡታላችሁ»

የቤት ውስጥ በር ከሆነ እሺ። 15 ሚሊ ጣውላና 3 ሚሊ ፎም ስትደምሩ 18 ሚሊ ወለላችሁ ከፍ ይላል። ወደ ውስጥ የሚከፈት የብረት መግቢያ በር ካላችሁ ምን ልትቆርጡ ነው? በኩሽና ውስጥ ጠረጴዛው ስር የተገጠመ የእቃ ማጠቢያ ማሽን ካለና ጣውላውን ከፊቱ ድረስ ካነጠፋችሁ፣ ማሽኑ የተበላሸ ቀን አታወጡትም፣ ወለሉ አፉ ላይ ደፍ ሆኖበታል። ከሁሉ የሚከፋው ደረጃ ነው፣ ወለሉ በ18 ሚሊ ከፍ ሲል የመጀመሪያዋ ደረጃ በዛው ልክ አጠረች፣ እግር ደሞ ደረጃ የሚወጣው በልማድ ነው፣ አንዷ ብቻ ከተለየች ሰው ይደናቀፋል፣ በተለይ አዛውንት። ስለዚህ ጣውላ ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጭ ናሙናና ፎም አምጡና በየበሩ፣ በየደረጃው፣ በየማሽኑ ስር አስቀምጣችሁ እዩ። የበር መቃኑንም በዛው ቁራጭ ላይ መጋዙን አጋድማችሁ ከስሩ ቁረጡት፣ ጣውላው ከስሩ ይገባል፣ ዙሪያውን እየተከተሉ ከመቅረጽ በጣም ይቀላል፣ ያምራልም።

«በአንድ ቀን ያልቃል»

ማንጠፉ አዎ፣ አንድ ክፍል ከሆነ። ከሱ በፊት ያለው ነው የማያልቀው። ሌላው ቢቀር ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት ላይ አስሉ። ለምሳሌ ክፍሉ በወርዱ 346 ሴንቲ ነው፣ ከየግድግዳው 1 ሴንቲ ስትቀንሱ 344፣ ጣውላው 18 ሴንቲ ከሆነ 19 ረድፍ ይገባና 2 ሴንቲ ይተርፋል። 2 ሴንቲ ክር ጣውላ ግድግዳ ስር መግጠም አይቻልም፣ ቢቻልም ያስጠላል። ስለዚህ አንዱን ሙሉ ረድፍና ትርፉን ደምራችሁ ለሁለት ታካፍላላችሁ፣ 10 ሴንቲ መጀመሪያ፣ 10 ሴንቲ መጨረሻ፣ መሃሉ ሙሉ። ሶስት ደቂቃ የምትፈጅ ሂሳብ ናት፣ ሳይሰራት የጀመረ ሰው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ ፊቱን አይቼዋለሁ። ደሞ ጣውላውን ከአንድ ካርቶን ብቻ እየጨረሳችሁ አትሂዱ፣ ሶስት አራት ካርቶን ከፍታችሁ እያቀላቀላችሁ፣ የቀለም ልዩነቱ እንዲበተን፣ የአንዱ ረድፍ ጫፍ ከአጠገቡ ረድፍ ጫፍ ቢያንስ 30 ሴንቲ ይራቅ። ለቁራጭና ለስህተት ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ጨምራችሁ ግዙ።

«ካልወደዳችሁት ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ትወስዱታላችሁ»

ግማሽ እውነት። በክሊክ የተነጠፈ ይነቀላል፣ ከመጨረሻው ረድፍ ጀምሮ ወደኋላ፣ በትዕግስት። እኔ ሳሎኑን ያነሳሁ ቀን ከግድግዳው ዳር ያሉት ጣውላዎች እንደ አዲስ ወጡልኝ፣ ወደ በረንዳው በር ስጠጋ ግን ምላሳቸው አጠገባቸው ባለው ጣውላ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ፣ ጠርዛቸው የተፈረፈረ ነበር፣ የደረብኩት ፎም ደሞ እዛች ቦታ ላይ ወረቀት ሆኖ ተጣብቆ ነበር፣ ጣቴን ሳሳርፍበት ሴራሚኩ ይሰማኝ ነበር ብላችሁስ። የተረፉትን ጤነኛ ጣውላዎች ቆጥሬ ለመኝታ ቤት በቁ፣ እዛ በዘንግ ለክቼ፣ ሁለት ቦታ ሞልቼ፣ አድርቄ አነጠፍኳቸው፣ እስከዛሬ ድምጽ የላቸውም። ሳሎኑ አሁንም ሴራሚኩ ላይ ነው። ያቺን ጉድጓድ ግን ሞልቻታለሁ።